«አባዬ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?»

ሰሞኑን ከውጭ አገር የሚደርሱኝን ደብዳቤዎች ሳገላብጥ አንድ ነገር ገረመኝ። ጸሐፊዎቹ እናቶች ናቸው፤ አቤቱታቸውም ያው አንድ ዓይነት ነው። «ባሌና ልጄ አንድ ቤት እየኖሩ አይነጋገሩም፤ ምን ይሻለኛል?» ልጁ አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው አባትየው «ፈረንጅ ሆነብኝ» ይላል፤ ልጁ ደግሞ ክፍሉን ዘግቶ ይቀመጣል። እናት በመሃል ሳህን ይዛ ትመላለሳለች።

እነዚህን እናቶች እንዲሁ በደረቁ ከምመክራቸው ያየሁትን ባጫውታቸው ይሻላል ብዬ ነው ብዕሬን ያነሣሁት። ታሪኩ የበረዶ ሸርተቴ ታሪክ ነው። ሳቁ እሺ! እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ።

በ2016 ዓ.ም. የሁዳዴ ጾም ሰሞን ዴንቨር ነበርኩ። ዴንቨር የአሜሪካዋ የኮሎራዶ ግዛት ዋና ከተማ ናት፤ እሷም ጎረቤቷ አውሮራም ብዙ ሐበሻ አለባቸው። ያረፍኩት ከልጅነታችን ጀምሮ እህቴ ከምላት ሴት ቤት ነው። (ስም አንጠራም፤ የአምዱ ደንብ ነው። ታሪኩን እንድጽፈው ግን ባለቤቷም ልጁም ፈቅደውልኛል።) ባለቤቷ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ፣ ቀን የሚተኛ፣ በተረፈችው ሰዓት ሂሳብ የሚደምር ሰው ነው። የቤት ኪራይ፣ ኢንሹራንስ፣ አገር ቤት የሚላክ… ታውቁታላችሁ። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ወንዱ አሥራ ሦስት፣ ሴቷ ሰባት ዓመቷ።

ወንዱ ልጅ በትምህርት ቤቱ ክበብ በኩል ስኪ ተምሯል። ሁለት ክረምት ሙሉ (የእነሱን ክረምት ማለቴ ነው፤ የኛን በጋ) ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ተራራ እየወጣ ሲንሸራተት ከርሟል። አባትየው አንድም ቀን ሲንሸራተት አላየውም። «የቅብጠት ነው» ይላል። «እኔ እግሬን ሰብሬ ብተኛ ኪራዩን ማን ሊከፍል ነው? ሐበሻና በረዶ ምን አገናኛቸው?»

ልጁ ለዚህ መልስ አላጣም። ሮቤል ተክለማርያም የሚባል አዲስ አበባ የተወለደ ሰው በ2006 እ.ኤ.አ. ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ ላይ በስኪ ለኢትዮጵያ መወዳደሩን ከኢንተርኔት አውጥቶ አሳየው። አባትየው አየና «እሱ እኮ አገር አቋራጭ ነው፤ እንዳንተ ቁልቁል አልተወረወረም» ብሎ ስልኩን መለሰለት። እውነቱን ነው፣ የሮቤል ውድድር አገር አቋራጭ ነበር። ግን እንዲህ ያለ እውነት ለማን ይበጃል?

እንግዲህ የክበቡ የመጨረሻ ቅዳሜ ሲቃረብ ቤተሰብ ሁሉ ተጋበዘ። አባትየው «አልሄድም» አለ። ልጁ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእሱ ጋር ማዕድ ሳይቀርብ ቆየ። እኔ የደረስኩት እዚህ ላይ ነው። እህቴ አንድ ሌሊት ጓዳ ወስዳ «እባክሽ አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ላንቺ እምቢ አይልም» አለችኝ። ሽማግሌ ሆኜ ተቀመጥኩ። ብዙ አልተከራከርኩም፤ «እኔ በረዶ አይቼ አላውቅም፣ አሳየኝ» አልኩት። እንግዳ ሲጠይቅ እምቢ የሚል ሐበሻ የለም። ምሳ ከቤት ይያዛል፣ ማታ ለሥራ ይመለሳል፣ እሱ ካሰላት ሂሳብ ሳንቲም አይታለፍም፤ በዚህ ተስማማን።

ሂሳቧን ነገር ላንሣት፣ ብዙዎቻችሁ የምትፈሩት እሱን ነውና። ትልልቆቹ የስኪ ተራሮች ላይ በዕለቱ መስኮት ላይ የሚገዛ የአንድ ቀን ቲኬት ከሁለት መቶ ዶላር ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ዋጋ የሚገዛ ግን ሳያስብ የሄደ ሰው ነው። የወቅት ካርድ ያለው ወዳጅ ካላችሁ ለእንግዳ የሚሆን የቅናሽ ቲኬት ያገኛል፤ ቀድሞ በኢንተርኔት መግዛትም ይረክሳል። የሚቀጥለውን ዓመት የወቅት ካርድ በርካሽ የሚሸጡት ደግሞ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ሰው ሁሉ ስኪ በሰለቸው በሚያዝያ ነው። ልብስ አትግዙ፣ ተዋሱ። የእህቴ ባል የለበሰው ሱሪ የቤተ ክርስቲያን ጎረቤታቸው የግንባታ ሥራ ሱሪ ነበር፤ ውሃ አያስገባም፣ ማንም አላየውም።

ሚያዝያ 5 ቀን ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ወጣን። የምንሄደው ብሬከንሪጅ ወደሚባለው ተራራ ነው። ከዴንቨር መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ግን ዳገት ብቻ ነው። አይዘንሃወር የተባለ ዋሻ አለ፣ በ1973 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ላይ ተራራውን በስቶ የሚያልፍ። ከእንጦጦ ጫፍ ከፍ ይላል ማለት ነው። እኔ «የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ምን ያደርገኛል» ብዬ ስፎክር ነበር። ብሬከንሪጅ ከተማዋ ራሷ 2,900 ሜትር ላይ ናት፤ የተራራው ጫፍ ደግሞ አራት ሺህ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። እኔ ደግሞ ዝቅ ባለችው ዴንቨር ሦስት ሳምንት ተቀምጬ ለምጃለሁ። ከመኪና እንደወረድኩ ራሴን ፈለጠኝ። ውሃ እየጠጣችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ሂዱ፤ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። እየባሰ ከሄደ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው።

እና አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዋናው ነገር የተከሰተው በረዶው ላይ አይደለም፤ ስኪ የሚያከራዩበት ሱቅ ውስጥ ነው።

ስኪ ለመከራየት ቅጽ ይሞላል። ቁመት፣ ክብደት፣ ዕድሜ፣ ችሎታ። ይህ ሁሉ ጥያቄ ለምን እንደሆነ ልጁ ነው ያስረዳኝ። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚይዘው ማሰሪያ ሰው ሲወድቅ ተስፈንጥሮ እንዲላቀቅ ተደርጎ ይስተካከላል። በጣም ከጠበቀ አይላቀቅም፣ እግር ይሰበራል። በጣም ከላላ ያለ ምክንያት ይፈታል። ልኩን የሚያወጡት በዚያ ቅጽ ነው። ስለዚህ ኩራት ያለበት ሰው እዚያች ቅጽ ላይ ዋሽቶ እግሩን ይከፍላል።

የእህቴ ባል «ችሎታ» የሚለው ላይ «መካከለኛ» ብሎ ምልክት አደረገ። በሕይወቱ ስኪ ነክቶ የማያውቅ ሰው! ልጁ ከትከሻው በላይ አይቶ በእንግሊዝኛ «ጀማሪ ነው» አለና ሠራተኛውን አስለወጠው። አባትየው ዞሮ ያየው አስተያየት… አልወደድኩትም። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር።

«ዕድሜ» የሚለው ላይ 48 ብሎ ጻፈ። እኔና እህቴ ተያየን።

ውጭ አገር የኖረ ሰው ይህን ነገር ሳልነግረው ያውቀዋል። የወረቀት ዕድሜ አለ፣ የእናት ዕድሜ አለ። ይህ ሰው በሱዳን በኩል የወጣ ነው። ያኔ ሃያ ዓመቱ ነበር። ከአጎቱ ልጆች ጋር ተቆጥሮ እንዲሄድ አሥራ አምስት ተባለ። ከዚያ ጀምሮ ወረቀቱ ሁሉ በዚያ ቁጥር ተሞላ። እውነተኛው ዕድሜው ሃምሳ ሦስት ነው። ልጆቹ አያውቁም። እህቴ ጎኔን ቆነጠጠችኝ፤ «ተዪ» ማለቷ ነው።

ሠራተኛው ልጅ የማሰሪያውን ቁጥር ከሠንጠረዥ ሊያነብ ሲጎነበስ የእህቴ ልጅ፣ ያለ ምንም ተንኮል፣ ለእኔ ሲያስረዳኝ «ሃምሳ ከሞላህ አንድ ደረጃ ያላሉልሃል፣ አጥንት ስለሚደክም» አለኝ። እኔም አፌ አላረፈም። «እንግዲህ ወንድሜ» አልኩ በአማርኛ፣ ወደ አባትየው ዞሬ፣ «ይቺ ቅጽ የኢሚግሬሽን አይደለችም። የእግርህ ናት።»

ዝም አለ። ልጁ ከእኔ ወደ አባቱ፣ ከአባቱ ወደ እናቱ አየ። «አባዬ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?»

ያቺን ጊዜ አልረሳትም። ከኋላችን ሰልፍ አለ። ትንሿ ልጅ የራስ ቁሩን አድርጋ ግድግዳ በራሷ ትደበድባለች። ሰውዬው እስክሪብቶውን ጨብጦ ቆሞ ቆየና ለሠራተኛው በእንግሊዝኛ «ሃምሳ ሦስት ነኝ» አለው። ሠራተኛው «እሺ» ብሎ ሰርዞ ጻፈ፣ ቡሎኑን በመፍቻ ትንሽ አዞረ፣ «ቀጣይ!» አለ። ሠላሳ ሦስት ዓመት የተሸከመው ነገር ለሠራተኛው የአንዲት ቡሎን ሩብ ዙር ነበር።

ልጁ ምንም አላለም። የአባቱን ስኪ ግን አንሥቶ በትከሻው ያዘለት።

ከከተማው ወደ ተራራው ግርጌ የሚወስደው ጎንዶላ በነጻ ነው (ይህን ስንሰማ የእህቴ ባል ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ)። ላይ ስንደርስ ሦስት ሰዓት ሆኗል። አሁን ስለ ሚያዝያ በረዶ ልንገራችሁ። በእኛ ቋንቋ ከሰማይ የሚወርደውም፣ ተራራ ላይ የተጋገረውም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም «በረዶ» ነው። እዚያ ግን በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት በረዶ አየሁ። ቀን የቀለጠው ሌሊት ስለሚረጋ ጠዋት እንደ መስታወት ነው፤ የወደቀ ሰው ክርኑ ይጮኻል። አራትና አምስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ላዩ እንደ ሻካራ ጨው ይሆናል፤ ምርጡ ሰዓት ይኸው ነው። ከሰባት ሰዓት በኋላ ደግሞ ገንፎ ነው፤ ስኪውን ይይዛል፣ ጉልበት ይጠመዝዛል። ስለዚህ በወቅቱ መጨረሻ የምትሄዱ ጀማሪዎች ቶሎ ደርሳችሁ ቡና ጠጡ፣ አራት ሰዓት ላይ ጀምሩ፣ ሰባት ሰዓት ላይ አቁሙ። «ቲኬቱ እስከ አሥር ሰዓት ነው» ብላችሁ እግራችሁን አትሽጡ።

ትንሿን ልጅ ከአስተማሪ ጋር ተውናት። አስተማሪዋ የስኪውን ጫፍ አጋጥሞ ኋላውን ከፍቶ ፍጥነት መቀነስን ለልጆቹ «ፒዛ» እያለች ነው የምታስተምረው፤ ቅርጹ የተቆረሰ ፒዛ ስለሚመስል። «ፒዛ! ፒዛ!» እየተባለ ይወረዳል። በሁዳዴ ይህን ሁሉ አይብ ስንሰማ ዋልን።

አባትየው ግን አስተማሪ አልተገዛለትም፤ ሂሳቧ ላይ አልነበረችማ። አስተማሪው ልጁ ሆነ። ከግርጌው የጀማሪ ሜዳ ላይ እኔና እህቴ ወንበር ይዘን ተቀመጥን። መጀመሪያ ቆሞ ወደቀ። ከዚያ ሳይቆም ወደቀ። ልጁ አማርኛው ስለማይበቃው ይቀላቅላል፦ «ጉልበትህን ቤንድ አድርግ፣ አባዬ! ወደ ፊት! ታች አትይ!» አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ «ቀጥ በል፣ ወደ ፊት እይ» ሲባል የኖረው እኮ እሱ ነው። እህቴ «በስመ አብ! ልጄ አባቱን ሲያዝ አየሁ» አለች፤ ደስ ብሏት ይሁን ደንግጣ አልገባኝም።

አንድ ሁለቴ ልትነሣ ስትል እጇን ያዝኩ። እናቶች፣ ይቺን ለእናንተ ነው፦ አትግቡ። «ተው ልጄ አባትህን ቀስ» ማለት፣ «ኧረ አንተ ታገሥ» ማለት፣ ይህን ሁሉ እንደምትወዱት አውቃለሁ። ሁለት ሰዎች በእናንተ በኩል ብቻ መነጋገር የለመዱ ከሆነ እናንተ አንድ ቀን ርቃችሁ መቀመጥ አለባችሁ። ሻይ ጠጡ።

ወደ አምስት ሰዓት ገደማ አባትና ልጅ በወንበሩ ሊፍት ወደ ላይ ወጡ። የወጡበት መንገድ አረንጓዴ ክብ ነው። (ምልክቱን ዕወቁ፦ አረንጓዴ ክብ ቀላሉ፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን መካከለኛው፣ ጥቁር ዳይመንድ የባለሙያ ነው። ሌላው ሕግ፣ ከፊታችሁ ያለ ሰው መንገዱ የእሱ ነው፤ ከኋላ የሚመጣው ነው የሚጠነቀቀው።) ከሊፍቱ ሲወርድ መውደቁን በኋላ ሰማን፤ ሊፍቱን አስቁመውለታል። እኛ ያየነው ግን መንገዱ መሃል ላይ ሲደርሱ አባትየው ተቀመጠ። ወደ ዳር ተጎትቶ ቂጡ ላይ ተቀመጠና አልነሣም አለ። ከታች ሆነን ብርቱካንማውን የግንባታ ሱሪ እናያለን።

አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ሦስት የክበቡ ልጆች በአጠገባቸው አልፈው ቆሙ፣ የሆነ ነገር ጠየቁት። ልቤ ተንጠለጠለ፤ በዚያ ዕድሜ ጓደኛ ፊት በአባት ማፈር ምን እንደሆነ እኔም አውቀዋለሁ። ልጆቹ ወረዱ። ልጁ ስኪውን አውልቆ በረዶው ውስጥ ተከለና አባቱ አጠገብ ተቀመጠ።

አርባ ደቂቃ ተቀመጡ። በሰዓቴ ነው የቆጠርኩት።

እዚያ የተባለውን ሁሉ አላውቅም፣ አልጠየቅሁምም። ከዚያ በኋላ ተነሥተው ልጁ ፊቱን ወደ አባቱ አዙሮ፣ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ፣ የአባቱን ዱላዎች ጫፍ ይዞ ቁልቁል አወረደው። ማንም ሰው አሥር ደቂቃ የማይፈጅበትን መንገድ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። የአራት ዓመት ሕፃናት ቀደሟቸው። ግርጌ ሲደርሱ ሰውዬው እንደ ሰከረ ይስቃል።

ምሳ ላይ በፔርሙዝ የያዝነውን ሽሮ በዳቦ ስንበላ ልጁ አፉን ሞልቶ «አክስቴ፣ አባዬ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር! ጢሙን በቀን ሁለቴ ይላጭ ነበር፣ እንዳይነቁበት!» አለኝ። አባትየው ሽሮው ትን አለው። «አንዷ የክፍሌ ልጅ ለዳንስ ጠየቀችኝ፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሮጬ ወጣሁ» አለ። እህቴ አሥራ ስድስት ዓመት በትዳር ኖራ ይህን አልሰማችም። ልጁ ከዚያ ስለ ሱዳን ጠየቀ፣ ስለ በረሃው፣ ስለ አጎቱ ልጆች። አንዳንዱን መለሰ። አንዳንዱን «ሌላ ጊዜ» አለ። ሌላ ጊዜ ብሎ መመለስም ከእሱ አዲስ ነበር።

ፀሐይዋን ነገር ረስቼ! ከፍታ ላይ ፀሐይ ትበረታለች፤ በረዶው ደግሞ የሚያርፍበትን ጨረር መልሶ ፊት ላይ ይተፋል። የእህቴ ባል የፀሐይ ቅባት ስንሰጠው «ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም» ብሎ ነበር። ሰኞ ዕለት አፍንጫው ተላጠ፣ ከንፈሩ ተሰነጠቀ፤ ተሳፋሪዎቹ ምን ሆንክ ሲሉት «ስኪ ነበርኩ» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሲጎርር ሰነበተ። እናንተ ግን ተቀቡ፤ መነጽርም አድርጉ፣ ዓይንም ይቃጠላል።

ስንመለስ ልጁ ፊት ወንበር ተቀመጠ፤ እናትየው ከእኔ ጋር ኋላ። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ሁለቱም ዝም ብለው ነበር፣ ግን እንደ ድሮው ዓይነት ዝምታ አልነበረም። ከዋሻው ስንወጣ ልጁ እንቅልፍ ወስዶታል።

አንድ ቀን ሁሉን ፈታው ብዬ አልዋሻችሁም። እህቴ ባለፈው ስትደውል በስልክና በቤት ሥራ አሁንም እንደሚጨቃጨቁ፣ አባትየውም በገንዘቡ አሁንም እንደሚያማርር ነግራኛለች። በሚቀጥለው ክረምት ግን ሁለቱ ብቻቸውን ሄደው ነበር አለችኝ። ሱቁ ውስጥ ቅጹን የሞላው ልጁ ነው። ችሎታ ላይ «ጀማሪ»፣ ዕድሜ ላይ ሳይጠይቅ 54።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱልኝ።